የአንበጣ ዱቄትና የእናቴ ቅቤ

ቅቤ አልበላም። ራሴንም አልቀባም። ይህን ስናገር ማዕድ ያቀረበልኝ ሰው ሁሉ ቅር ይለዋል፤ አንዳንዷም «ምነው፣ የእኔ ቅቤ ምን ሆነ?» ብላ ታኮርፋለች። ያንቺስ ምንም አልሆነም እላታለሁ። የተበላሸው የእናቴ ቅቤ ነው፤ እሱም ከተደፋ ብዙ ዘመን ሆነው። ጠረኑ ግን ካፍንጫዬ አልወጣም። ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ በቀረበ ቁጥር ገበታውን ትቼ እወጣለሁ።

ከልጅነቴ ተጸያፊ ነበርኩ። ወተት ውስጥ ዝንብ ሲገባ ዝንቡን በጣት አውጥቶ ወተቱን መጠጣት በቤታችን የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ያን ወተት እንኳን ልጠጣው ላየውም አልወድም። ሌላ ሰው አፉን ባሳረፈበት ዋንጫ ሳላጥበው አልጠጣም። እናቴ በዚህ ጠባዬ አንድ ቀን ትስቅብኛለች፣ አንድ ቀን ትናደድብኛለች። «ይች አፍንጫሽ ባል ታሳጣሻለች» ትለኝ ነበር። ባልስ አላሳጣችኝም። እኔም ስለ አፍንጫዬ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም።

አንበጣው ሰቆጣ የገባ ዓመት ለማግባት የደረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ። አባታችን ቄስ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ ቤቱን የያዘችው እናታችን ናት። አንበጣው ከበታቻችን የቆላውን አገር የዝቋላን ማሽላ ጨርሶ ወደ እኛ ወደ ደጋው ሲወጣ ሰዉ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ካህናቱ ታቦት አውጥተው ምሕላ ይዘው ሳለ፣ የመንግሥት ሰዎች በበቅሎ ጆንያ ጭነው ደረሱ። ጆንያው ውስጥ አመድማ ዱቄት አለ። ዱቄቱን ከፉርሽካ ጋር ለውሰው በየእርሻው ዳር አስበተኑት። አንበጣው በላና ሞተ።

መሞቱስ ደስ አሰኝቶን ነበር። ግን ያ ሁሉ ሬሳ የት ይግባ? እየተጠረገ በየሸለቆው አፍ ተከመረ። ክምሩን ዝናብ ነካው፤ ከሥሩ ጥቁር ውሃ እየሰረገ ከብት ወደሚጠጣበት ወረደ። ዶሮዎች ሬሳውን ሲለቅሙ ሰነበቱና አንገታቸው እየተጠመዘዘ ባሉበት መሽከርከር ጀመሩ። ጎረቤታችን ሳይሞቱባት አሳረደቻቸውና ወጥ ሠራች፤ ለእኛም በሣህን ላከችልን። እናቴ ጣቷን እየላሰች በላች። እኔ ውጭ ወጥቼ ቆምኩ።

ከመንግሥት ሰዎቹ አንዱ ዘመቻው ካለቀ በኋላም ሰቆጣ ቀረ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሳቂታ ሰው ነው። የአንበጣ ሹም ብለን ስም አወጣንለት። የተረፈው ዱቄት በእሱ እጅ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ሴቶች ከበቡትና አንዷ ደፈር ብላ «ጌታዬ፣ ይኼ ነገር ለቅማልስ ይሆን ይሆን?» ብላ ጠየቀችው።

«ለቅማልም፣ ለቁንጫም፣ ለትኋንም ይሆናል» አላት።

«ሰውስ አይጎዳም?»

«የሚገድለው ስድስት እግር ያለውን ነው። እናንተ ስንት እግር አላችሁ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቁ ደስ ብሎት ጣቱን በምራቁ አራሰ፣ ከጆንያው ዱቄት አስነካ፣ ከዚያም በሁላችን ፊት ላሰው። ምላሱን አውጥቶም አሳየን። ዱቄቱ መካከሉ ላይ እንደ ሻጋታ ተለጥፏል። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ያን ምላስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ሰው ሊያስተምረኝ ምላሱን ሲያወጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ ደግሞም እንዳይደገም።

ከዚያ ወዲያ ከተማው በዱቄት ተለወሰ። በየመኝታው አጎዛ ላይ ተነሰነሰ። ነቀዝ እንዳይገባ ጎተራ ውስጥ ተበተነ። መዥገር ለያዛት ላም ጀርባዋን አሹበት። አንዳንዶቹ ዲዲቲ ነው ይሉታል፣ ሌሎቹ አይደለም፣ ከዲዲቲ የበረታ ነው ይላሉ፤ ምን እንደነበረ በትክክል የነገረኝ ሰው የለም። እኔ የማውቀው ሽታውን ነው። እርጥብ ድርቆሽ በጆንያ ታፍኖ ሲሻግት ያለ ሽታ ነው፤ ጣፈጥ የሚልም ነገር አለበት፣ እሱ ነው ይብስ የሚያስቀይመው። ውሎ አድሮ እንጀራውም ወተቱም ያንኑ መሽተት ጀመረ። ለሰው ሁሉ ስናገር «አይ አንች!» እያለ ያልፈኛል።

ታላቅ እህቴ ያገባችው ጋዝጊብላ አገር ነበር። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት እንድትወልድ፣ ሆዷ ገፋ ሲል ባሏ በበቅሎ አምጥቶ አደረሳትና እርሻው ላይ ተመለሰ። እናቴ ከዚህ ቀን ሌላ የምትጠብቀው ነገር አልነበራትም። ወንድ ልጅ አልወለደችም፤ አባታችን ከሞቱ ወዲህ በቤታችን የተወለደ የለም። «ይኸን ልጅ በእጄ ላሳድገው እንጅ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» እያለች እህቴን እንደ እንቁላል ትይዛታለች።

እህቴ ግን ቅማል ይዛ መጥታለች። ሹሩባዋን ስንፈታው በየሥሩ ቅጫም ተደርድሯል። እናቴ ዱቄቱን ነሰነሰችባት። ደረቅ ዱቄት ግን ጠጉር ላይ አይረጋም፤ ይበናል፣ ያስላል፣ ትከሻ ላይ ይረግፋል። እናቴ ይህ ብክነት አልዋጥልሽ አላት። እሷ የምታውቀው መድኃኒት ሁሉ በቅቤ ተለውሶ ነው የሚቀባው። ስለዚህ ትልቁን የቅቤ ቅል አወረደች፣ ዱቄቱን ከላይ ጨመረች፣ እጇን እስከ አንጓዋ አስገብታ አሸችው። የእጇ ሙቀት ዱቄቱን ከቅቤው አዋሐደውና ነጩ ጠፋ፤ ቢጫ ብቻ ቀረ። «አየሽ፣ ዋጠው» አለች ደስ ብሏት።

እህቴን ቀባቻት። ራሷንም ቀባች። ወደ እኔ ስትመጣ ግን ሸሸሁ። ቅቤው ፀሐይ ሲያገኘው በእህቴ ጆሮና አንገት ላይ ይወርዳል፤ ቅማሉ ደግሞ እግሩ እየተንፈራገጠ በቅቤው ላይ ተንሳፍፎ የቀሚሷ አንገትጌ ላይ ይጠራቀማል። እናቴ በጥፍሯ እየሰበሰበች «ይኸው! ይኸው!» ትላለች፣ ጠላት እንደማረከ ሰው። ዘዴዋን ጎረቤቶቿ ሁሉ ሰምተው እየመጡ አዩላት፣ ወሰዱም። እኔ በዚያ ሰሞን ከእህቴ ጎን መተኛት ትቼ ከበሩ ሥር እተኛ ጀመር።

ብዙ ሳይቆይ እህቴ «ምላሴ ደነዘዘ» አለች። ቀጥላ «ከንፈሬን ጉንዳን ይሄድበታል» አለች። የበላችውን ታስመልሳለች፤ እርግዝና ነው ተባለ። ራሷን አመማት። እንግዲህ በአገራችን ራሱን ላመመው ሰው ምን ይደረጋል? መሀል አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። እናቴም ከዚያው ቅል እየቆረሰች አናቷ ላይ ትጭንላታለች። ሲብስባት ትጨምርላታለች። ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ዋንጫ ስታነሣ ዋንጫው ከጥርሷ ጋር ይጋጫል። ድንገት ድምፅ ስትሰማ ሰውነቷ በሙሉ ይበረግጋል።

ከጾሙ መግቢያ በፊት አንድ ቀን ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠች ወደቀች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ መንጋጋዋ ገጠመ፣ እጅና እግሯ መሬቱን ይደበድባል፣ አረፋው ከአፏ ወጥቶ አንገቷ ላይ ካለው ቅቤ ጋር ይደባለቃል። እኔ ሆዷ እንዳይመታ በእጆቼ ደግፌ ያዝኩ። እናቴ «ወይለይ! ወይለይ ልጄን!» እያለች ትዞራለች። ጎረቤቶች መጡና ዛር ነው አሉ፤ ሌሎቹ ቡዳ ነው አሉ። ጸበል ተወሰደች። እናቴ የአንበጣ ሹምንም ሄዳ ጠይቃዋለች። «ስድስት እግር ያላት ልጅ አለችሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀባት። «በፊትሽ ልሼው የለም?» አላት። እናቴም ይህን በእፎይታ ይዛ ተመለሰች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በእኛ ቤት በሁዳዴ ቅቤ አይበላም ብቻ ሳይሆን ራስም አይቀባም፤ የአባታችን ሥርዓት ነው፣ እሳቸው ካረፉ በኋላም አልተነካም። ቅሉ ታስሮ ከምሰሶው ላይ ተሰቀለ። እህቴም ነፍሰ ጡር ብትሆንም፣ ብትታመምም በገዛ ፈቃዷ ጾመች። ጾሙ ገፋ ሲል ከንፈሯ ተፈታ። እጇ ረጋ። ጾሙ ሳይጋመስ መርፌ ክር ማስገባት ቻለች። ሆሣዕና ሲደርስ እየሳቀች ዘንባባ ጣቷ ላይ ትጠመጥም ነበር። ሁሉም ሰው ተደሰተ፤ ጸበሉ ነው አለ፣ ጾሙ ነው አለ። እኔም ተደሰትኩ፣ ምክንያቱን አልመረመርኩም።

ቀዳም ሹር ዕለት እናቴ የእህቴን ሹሩባ እንደ አዲስ ሠራችው። በፋሲካ ዕለት ደግሞ ቅሉን ከምሰሶው አውርዳ ለበዓሉ ጠገብ አድርጋ ቀባቻት። ያ ሽታ ቤቱን ሲሞላው የቀመስኩት የፋሲካ ዶሮ አፌ ላይ ደረቀ። ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ እህቴ ዋንጫዋን ጣለች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እናቴን ጓሮ ጠርቼ «እማ፣ ቅቤው ነው» አልኳት።

«ምኑ ቅቤ?»

«በጾሙ አልተቀባችም፣ ዳነች። በፋሲካ ተቀባች፣ ይኸው።»

«የዳነችው በጾሙ ነዋ! የቄስ ልጅ ሆነሽ ይኸ ይጠፋሻል?»

«ያንን ቅቤ ያልተቀባሁ እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን ተንቀጥቅጫለሁ? ያንችን እጅ እስኪ አሳይኝ።»

እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። አይቼዋለሁ፤ እህል ስትሰፍር ጣቶቿ ይርዳሉ። እርጅና ነው ትላለች። ያን ጊዜ እናቴ አንድም ሽበት አልነበራትም።

«አንች እንዲህ የምትይኝ ለአፍንጫሽ ብለሽ ነው» አለችኝ። «ቅቤ ይሸተኛል ብለሽ ልጄን በመርዝ የምገድል ልታደርጊኝ ነው?» ብላ አለቀሰች። ተናድጄ ትቻት ወደ ቤት አመራሁ።

የሰማችኝ እህቴ ናት። ከውስጥ ሆና ሁሉን አዳምጣለች። ስገባ በሚንቀጠቀጥ እጇ ምላጭ ይዛ ጠበቀችኝ። «ላጭኝ» አለችኝ።

እናቴ በሩ ላይ ስትደርስ ጮኸች። በእኛ አገር ሴት የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። «ባልሽ በሕይወት እያለ? ልጅ ሆድሽ ውስጥ እያለ? ማንን ልትቀብሪ ነው አንች ልጅ?» አለች።

«ማንንም እንዳልቀብር ነው፣ እማ» አለች እህቴ።

ጓሮ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ላጨኋት። ሹሩባው ቅቤ ጠጥቶ እንደ እርጥብ ገመድ ከብዷል። ከሥሩ የሞተ ቅማልና ቅጫም ከረጋ ቅቤ ጋር ተጋግሮ ይላጣል፤ ምላጩን በየጊዜው በድንጋይ እጠርጋለሁ። ሁለቴ ተነሥቼ አስመለስኩ። እህቴ ሳቀች፤ «ያረገዝኩት እኔ፣ የምታስመልሽው አንች» አለችኝ። ራሷን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት፣ ጠጉሩን ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት።

እናቴ ያን ቀን ከእኛ ጋር አልተነጋገረችም። በማግስቱ ግን ኩርፊያዋን ይዛ ቅሉን አወረደችና ከጎተራው ኋላ ወሰደችው። ቅቤውን ስትደፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ውሾች መጥተው አሽትተውት ሄዱ። ያቺ ሴት በሕይወቷ ቅቤ ደፍታ አታውቅም፤ ፊቷ ሬሳ ያየ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ደስ አለኝ፤ አዘንኩላትም።

እህቴ ቀስ በቀስ ዳነች። ወር ሳይሞላም በደህና ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ ነው። ወፍራም፣ ጯሂ፣ ጡት ላይ ከተጣበቀ የማይላቀቅ። የእናቴ እልልታ ማዶ ድረስ ተሰማ። እኔ እንኳን፣ ሕፃን ሲያስመልስ ዓይኔን የምጨፍን ሰው፣ የእሱን ትፋት በእጄ እጠርግ ነበር።

እናቴ ለልጁ አዲስ ቅቤ ከገበያ ገዛች። እኔ ቀድሜ አሸተትኩት፤ ንጹሕ ነው። ቅሉንም በወይራ አጠነችው። ጭሱ ቤቱን ሞልቶ ሰነበተ፤ እኔ የወይራ ጭስ እወዳለሁ፣ ከዚያ ሁሉ ክርፋት በኋላ አፍንጫዬ ያረፈ መሰለኝ። በየጠዋቱ ልጁን ፀሐይ ላይ አስተኝታ ከቅሉ እየጨለፈች አናቱን፣ ደረቱን፣ እግሩን ታሸዋለች። በአውራ ጣቷም ትንሽ ቅቤ ታስውጠዋለች፤ ሁሉም እናት የምታደርገው ነው። ልጁ በየቀኑ እየወፈረ ሄደ።

ክርስትናው ሲቃረብ ጡት መያዝ አቃተው። አገጩ ይርዳል፤ ጥርስ የሌለው አፉ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ሆድ ቁርጠት ነው አለችና ሆዱን በቅቤ አብዝታ አሸችው። በክርስትናው ዕለት ቄሱ ከውሃው ሲያወጡት ሰውነቱ በሙሉ ይርገፈገፋል። ሰዉ «ውሃው በርዶት ነው» አለ። እኔና እህቴ ተያየን።

ቤት እንደገባን እህቴ ልጁን አቅፋ አናቱን አሸተተችው። ወደ እኔም ዘረጋችው። አሸተትኩት። ከወይራው ጭስ ሥር፣ ከሜሮኑ ሥር፣ ያ የሻገተ ድርቆሽ ሽታ አለ።

ቅሉን አወረድኩ። ቅቤው ሊያልቅ ነው፤ ሥሩ ላይ ደርሷል። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ነጣ ያለ አዲስ ቅቤ ነው፤ ከታች የቀረው ግን ጠቆር ያለ፣ የቆየ ቢጫ ነው። እናቴ ወደ እኔ አልመጣችም። ቆማ «የላይኛውን ደፍቼዋለሁ» አለች። «ዱቄቱን ከላይ ነበር ያደረግኩት። የታችኛው ንጹሕ ነበር። ዱቄት አልነበረበትም፤ በዓይኔ አይቸዋለሁ። ያን ሁሉ ቅቤ እንዴት እደፋዋለሁ?» ዱቄቱ ግን በቅቤው ቀልጦ እስከ ሥር ሰርጎ ኖሯል። የታችኛውን አውጥታ ቅሉን አጥናለች፣ መልሳ ከሥር ጠቅጥቃዋለች፣ የልጁን አዲስ ቅቤ ከላዩ ጨምራለች። ከላይ እየጨለፈች ስትወርድ ስትወርድ ሥሩ ላይ የደረሰችው በክርስትናው ሰሞን ነው።

ልጁን በሙቅ ውሃ አጠብነው። አጠብነው፣ ደግመን አጠብነው። ሰውነቱ ግን አንዴ ጠጥቶታል፤ የዋጠውስ በምን ይታጠባል? መንቀጥቀጡ ይለቀዋል፣ ተመልሶ ይይዘዋል። በተጠመቀ ሳምንቱ ሳይደርስ በእህቴ ጭን ላይ አረፈ። ክርስትና ተነሥቷልና ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀበረ።

የአንበጣ ሹም ለቅሶ ደርሶናል። ሸሚዙ ተተኩሷል። ነፍስ ይማር ብሎ አጎዛችን ላይ ተቀመጠና የቀረበለትን በላ፤ ሲጨርስ ከንፈሩን በምላሱ ጠረገ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

እናቴም ተከትላኝ ወጣች። እህቴ ለልጇ የምትላጨው ጠጉር አልነበራትም፤ ገና እንደ ገለባ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ነበር። እናቴ ምላጩን ይዛ መጥታለች፤ እንድላጫት ወደ እኔ ዘረጋችው። እጇ ይንቀጠቀጣል። ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያ ቅቤ ገና ሹሩባዋ ውስጥ ነበር፤ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እናቴ ናት። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ አቀፍኳት።